ከዊንዶውስ 11 ወደ 10 መመለስ፦ ጎ ባክ ወይስ ፎርማት?

ዊንዶውስ 11 ጭነው ኮምፒውተሩ ተንቀራፈፈብዎት? 10 ቀን ካላለፈ ብዙ አያስቡ፤ ጎ ባክ (ወደ ቀድሞው ዊንዶውስ የሚመልሰው የዊንዶውስ የራሱ አማራጭ) ይሻላል። ሴቲንግ፣ ሲስተም፣ ሪከቨሪ ብለው ገብተው ጎ ባክን ይጫናሉ። ፎቶና ዶክመንትዎ ባለበት ይቆያል። ከ11 በኋላ የጫኗቸው ፕሮግራሞች ግን ይጠፋሉ።

አሮጌው ሲስተም ሲ ድራይቭ ላይ ዊንዶውስ ኦልድ የሚባል ፎልደር ውስጥ ይቀመጣል። ቦታ ያዘብኝ ብለው ካጠፉት መመለሻውም አብሮ ሄደ።

ፎርማት፣ ማለትም ዲስኩን አጽድቶ ዊንዶውስ 10ን እንደ አዲስ መጫን፣ ቀን አይገድበውም፤ ጣጣው ግን ብዙ ነው። ቢያንስ 8 ጊጋ ባይት ባዶ ፍላሽ ያስፈልጋል፤ ዊንዶውስ 10ን ከማይክሮሶፍት ድረ ገጽ አውርደው ይጭኑበታል። ሲ ድራይቭ ሙልጭ ብሎ ይጸዳል። "ዲ ላይ ያለው አይነካም" ይባላል። እውነት ነው፣ የሚሰረዘውን ፓርቲሽን (የዲስክ ክፍል) ካልተሳሳቱ። እኔ ግን ሁሉንም ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ላይ ሳልገለብጥ አልጀምርም።

ብዙ ሰው የሚረሳው የዋይፋይ ድራይቨሩን (ዋይፋዩን የሚያሠራውን ሶፍትዌር) ነው። ቀድመው ሌላ ፍላሽ ላይ ያውርዱት። አለበለዚያ ፎርማቱ አልቆ ኢንተርኔት የለም፤ ኢንተርኔት ከሌለ ደግሞ ድራይቨሩን ከየት ያወርዱታል? ፕሮዳክት ኪ (የዊንዶውስ የፈቃድ ቁጥር) ሲጠይቅዎት አይደንግጡ። ማሽኑ ላይ ዊንዶውስ 10 በሕጋዊ መንገድ አክቲቬት ሆኖ ከነበረ ይዝለሉት፤ ኢንተርኔት ሲያገኝ አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ይስተካከላል።

በየትኛውም መንገድ ቢመለሱ፣ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ለተራዘመው የደህንነት ማሻሻያ ካልተመዘገቡ የባንክ ሥራዎን በዚያ ማሽን ባይሠሩ ይመረጣል።