74110 ወይስ አባ ቡና? ለጅማ ማሳ የትኛው ዘር ይሻላል?

ሁለቱም የአረቢካ ቡና ዝርያዎች ናቸው፤ ሁለቱም የወጡት መልኮ ከሚገኘው የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል ነው። 74110 ከኢሉባቦር ቡናዎች መካከል ለቡና ፍሬ በሽታ ባለው መቋቋም ተመረጠ፤ «74» የተመረጠበት ዓመት ነው፣ እ.ኤ.አ. 1974። አባ ቡና ደግሞ ከሁለት የአረቢካ ወላጆች የተገኘ ድቅል ነው። ሮቡስታ ከሚባለው ሌላ የቡና ዓይነት ጋር የተዳቀለ የሚመስላቸው አሉ፣ አይደለም። አረቢካ 44፣ ሮቡስታ 22 ክሮሞዞም ስላላቸው በቀላሉ አይዳቀሉም።

ዘር
74110፦ አረቢካ በአብዛኛው በራሱ ብናኝ ስለሚያፈራ፣ ከጤነኛ ዛፍ የተለቀመ ቀይ እሸት እናቱን የሚመስል ችግኝ ይሰጣል።
አባ ቡና፦ ከጓሮ ዛፍ ዘር ለቅሞ መዝራት ትልቁ ስህተት ነው። ድቅል ስለሆነ ችግኞቹ በቁመትም፣ በምርትም፣ በበሽታ መቋቋምም ይለያያሉ፤ ጉዳቱ የሚታየው ግን ማፍራት ሲጀምሩ፣ ዓመታት ካለፉ በኋላ ነው። ዘሩን በየጊዜው ከታመነ ምንጭ ይግዙ፤ አለዚያ በቁርጥራጭ ያራቡ። ቁርጥራጩ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ከወጣ ቀንበጥ ይሁን፤ ከጎን ቅርንጫፍ የተቆረጠው እንደ ቅርንጫፍ ወደ ጎን ይንጋደዳል።

ወጪ
74110፦ ርካሽ።
አባ ቡና፦ አበባው በእጅ ስለሚዳቀል ዘሩ ውድ ነው።

ርቀት
74110 ጥቅጥቅ ያለ ቁመና ስላለው 2 በ2 ሜትር ይበቃዋል፤ በሄክታር 2,500 ዛፍ ማለት ነው።

የፍሬ በሽታን መቋቋም ዛፉን ከሚያደርቀው ፈንገስ አያድንም። ፈንገሱ በቁስል ይገባልና፣ ሲያርሙ ግንዱን በገጀራ እንዳይነኩ።

ችግኝ በራስዎ ለሚያፈሉና ሰፊ ማሳ ለሚተክሉ 74110 ይስማማል። አባ ቡና የሚያዋጣው ዘሩ ያለማቋረጥ ለሚገኝበትና ማዳበሪያና እንክብካቤ ለማይጓደልበት አነስተኛ ማሳ ነው።