ለተማሪ ሰርቪስ፦ ትልቁ አውቶቡስ ወይስ ሚኒባሱ?

ትልቁ አውቶቡስ ከባድና ከፍ ያለ ስለሆነ ግጭት ይችላል። ወንበሮቹ ከተቀራረቡና መደገፊያቸው ረጅም፣ ስፖንጅ የለበሰ ከሆነ፣ ልጁ ወደ ፊት ቢወረወርም ያርፍበታል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1977 ጀምሮ በትልልቅ የተማሪ አውቶቡሶች ላይ የምትከተለው ይህንኑ ነው። መኪናው ከተገለበጠ ግን ቀበቶን የሚተካ የለም።

ሚኒባሱ ቀላል ነው። ስለዚህ ቀበቶ የግድ ነው፣ ያውም በትከሻና በወገብ የሚያልፈው። ሁለት ልጅ በአንድ ቀበቶ? በፍጹም! “ትንንሾች ናቸው፣ ይጠጋጉ” የሚባለው ነገር አይዋጥልኝም።

መውረጃ ላይ ሚኒባሱ ይሻላል፤ ደጃፍ ድረስ ያደርሳል። የትልቁ ጣጣ እዚህ ነው፦ አጭር ልጅ ተጠግቶ በፊቱ ሲያልፍ ሹፌሩ ላያየው ይችላል። ወርዶ የሚያሻግር ረዳት ካለው ትልቁን እመርጣለሁ። ከሌለው፣ ቀበቶው የተሟላውን ሚኒባስ።