ኤልክ ኔክ፣ ፖይንት ሉክአውት ወይስ ዌስትሞርላንድ? ከነቤተሰብ ድንኳን ለመትከል ላሰባችሁ

በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ «ውኃ ዳር፣ ደን ውስጥ ሁለት ሌሊት እንደር» የሚለው ሐሳብ ብዙ ጊዜ ትዝ የሚለን ሰኔ ሲያልቅ ነው። ያኔ ጥሩ ጥሩው ቦታ ተይዟል። ሜሪላንድ ከአንድ ዓመት በፊት፣ ቨርጂኒያ ደግሞ ከ11 ወር በፊት ማስያዝ ስለሚፈቅዱ ፈረንጆቹ ገና በበረዶው ወቅት ጨርሰው ይቀመጣሉ። ሁላችንም የምናውቀው ሳንዲ ፖይንት ደግሞ ለቀን እንጂ ለቤተሰብ ማደሪያ አይሆንም። ስለዚህ ንጽጽሩን በሦስት ስቴት ፓርኮች ላይ አደርጋለሁ፦ ኤልክ ኔክና ፖይንት ሉክአውት ሜሪላንድ ውስጥ፣ ዌስትሞርላንድ ቨርጂኒያ ውስጥ። ሦስቱም ያለ ትራፊክ ሁለት ሰዓት ገደማ ይፈጃሉ፤ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ከወጣችሁ ግን ይህን ቁጥር እርሱት።

ሰው ፓርክ የሚመርጠው በፎቶ ነው። እኔ የምለው በውኃው ምረጡ ነው፤ ምክንያቱም ከልጆች ጋር የሄደ ሰው ቀኑን የሚያሳልፈው ውኃው ውስጥ ወይም ውኃው ዳር ነው፣ ድንኳኑ ለመኝታ ብቻ ነው።

ፖይንት ሉክአውት የፖቶማክ ወንዝ ከቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ የሚገናኝበት ሹል ጫፍ ላይ ነው። ውኃው ጨው አለው፣ ጨው ባለበት ደግሞ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ጄሊፊሽ ይመጣል። አይገድልም፣ ግን እንደ ሳማ ይለበልባል፤ አንዴ የተለበለበ ሕፃን ደግሞ ተመልሶ እንዲገባ ማግባባት ከባድ ነው። ኤልክ ኔክ በተቃራኒው በባሕረ ሰላጤው ራስ ላይ ይገኛል። ሳስኩዌሃና የሚባለው ትልቅ ወንዝ እዚያው አጠገብ ስለሚገባ ውኃው ጨው አልባ ሊባል ምንም አይቀረው፤ ጄሊፊሽም እዚያ ድረስ እምብዛም አይዘልቅም። ጉዳቱ ሌላ ነው፦ ከባድ ዝናብ በጣለ ማግሥት ያው ወንዝ ጭቃና ግንድ ይዞ ይመጣል። ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት የሳምንቱን ዝናብ እዩ። ዌስትሞርላንድ የፖቶማክ ዳር ቢሆንም ለዋና የታሰበው ገንዳው ነው፤ ክፍት መሆኑን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ወላጆች ከአገር ቤት መጥተውላችሁ ከሆነ እኔ የምወስዳቸው ኤልክ ኔክ ነው። ድንኳን ለማይመቻቸው ካቢን አለ። ጫፉ ላይ፣ 100 ጫማ ያህል ከፍታ ባለው ገደል አናት፣ በ1833 የተሠራ ተርኪ ፖይንት የሚባል የመርከብ መብራት ማማ ቆሟል። ማማው ራሱ 35 ጫማ ብቻ ነው፤ ገደሉ ቁመት ስለሰጠው ረጅም መሥራት አላስፈለጋቸውም። ከመኪና ማቆሚያው አንድ ማይል በማይሞላ ሰፊ መንገድ ይደረሳል፣ እማማም ቀስ እያሉ ይደርሱታል። መብራቱን ለረጅም ዘመን የጠበቁት ሴቶች ነበሩ፤ የመጨረሻዋ ፋኒ ሳልተር ጡረታ የወጣችው በ1947 ነው። እዚያ ቁጭ ብሎ ወደ ዴላዌር የሚያሻግረውን ቦይ ለመያዝ የሚያልፉትን ትላልቅ የጭነት መርከቦች ማየት፣ መስከረም ላይ ደግሞ ወደ ደቡብ የሚሰደዱትን ጭልፊቶችና ንስሮች መቁጠር ጊዜ እንዴት እንደሚያልፍ አያሳውቅም። ካምፑ ኮረብታማ ስለሆነ ቦታ ስትይዙ ካርታው ላይ ሜዳ የሆነውን ፈልጉ፤ በተዳፋት ላይ የተኛ ሰው ጠዋት ድንኳኑ ጥግ ተጠቅልሎ ይገኛል።

ፖይንት ሉክአውት የዓሣ አጥማጅ ነው። ሌላውን ሁሉ ትታችሁ ሮክፊሽና ክሮከር ካማራችሁ ከዚህ የተሻለ አልመክርም። ዕድሜው 16 የሞላ ሰው ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ በሁለቱም ስቴቶች እንዲሁ ነው። ሰማያዊ ሸርጣንም ሞልቷል፣ አብዛኛው የእኛ ሰው ባይበላውም ልጆች ይዘው መልቀቁን ይወዱታል። መሬቱ ሜዳና አሸዋማ ነው፣ ድንኳኑ የሚተከለው ረጃጅም ጥድ ሥር ነው፣ ትንኙ ደግሞ እውነተኛ ትንኝ ነው። (እናቴ እጣን ያባርረዋል ትላለች፤ እጣኑ ደስ አለን፣ ትንኙም አልሄደም።) ቦታው በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ከ50 ሺህ በላይ የደቡብ ወታደሮች ያለፉበት እስር ቤት ነበር። ከጠባቂዎቹ ብዙዎቹ ጥቁር ወታደሮች ነበሩ፤ ትላንት ባሪያ የነበረ ሰው ጌታውን ሲጠብቅ ማሰብ ነው።

ዌስትሞርላንድ ለትምህርት ቤት ልጆች ይበልጣል የምለው በአንድ ነገር ነው፦ በሻርክ ጥርስ። ፎሲል ቢች ወደሚባለው ዳርቻ በጫካ ውስጥ ከግማሽ ማይል ጥቂት የሚበልጥ መንገድ ወርዳችሁ፣ አሸዋውን በወንፊት ስታጣሩ ከ10 ሚሊዮን ዓመት በላይ የሆናቸው ጥርሶች ይገኛሉ። ውኃው የሸሸበትን ሰዓት አይታችሁ ሂዱ። ገደሉን መቆፈር ክልክል ነው፣ ሊናድም ይችላል፤ የወደቀውን ብቻ ልቀሙ። መውረዱ ቀላል ነው፣ መውጣቱ ነው ልጅ የሚያሸክም። ፓርኩ በ1936 ከተከፈቱት የቨርጂኒያ የመጀመሪያ ስድስት ስቴት ፓርኮች አንዱ ነው። ያኔ ለነጭ ብቻ ነበር፤ ለጥቁሮች የተለየ ፓርክ የተከፈተው ገና በ1950 ነው። እዚያ ጀበና ስጥድ ይህ አንዳንዴ ትዝ ይለኛል።

ገንዘቡን በሚመለከት ዋናው ልዩነት አቆጣጠሩ ነው። ለቀን ጉብኝት ሜሪላንድ በሰመር ቅዳሜና እሑድ በነፍስ ወከፍ ታስከፍላለች፣ ቨርጂኒያ በመኪና። ሰባት ሰው በአንድ ቫን ከሆናችሁ ወዴት እንደሚያዋጣ ግልጽ ነው። ለማደር ግን በሁለቱም የሚከፈለው በቦታ ነው፤ የስቴቱ ነዋሪ ያልሆነ ትንሽ ሊጨምር ይችላል። በአንድ ቦታ የሚፈቀደው በአብዛኛው እስከ ስድስት ሰው ነው። ይህ የእኛን ነገር ያጠብቃል፤ አክስትና የአክስት ልጅ ሲጨመር ጎን ለጎን ሁለት ቦታ ማስያዝ ግድ ነው፣ እሱም ቀድሞ ካልታሰበበት አይገኝም።

ማገዶ ከቤት አትጫኑ። እኔ አንዴ በጓሮዬ የደረቀ ግንድ ጭኜ ሄጄ በር ላይ አስቀሩብኝ፣ ትክክልም ነበሩ፤ ዛፍ የሚፈጅ ነፍሳት በማገዶ ነው የሚዛመተው። እዚያው አካባቢ ግዙ። ጥብሱ በእሳት ማንደጃው ፍርግርግ ላይ ይሠራል፣ ለቡናው ግን ትንሽ የጋዝ ምድጃ ይሻላል፤ ጀበና በማገዶ እሳት ላይ ቀጥ ብሎ አይቆምም። ክትፎ በኩለር ይዞ ሁለት ቀን መቆየትን አልደፍርም። ማታ ልጆቹን ከጉልበት ጀርባና ከጆሮ ኋላ መዥገር ፈልጉባቸው። ዘፈኑን ደግሞ በፈረንጅ ሰዓት ከምሽቱ 10 በፊት ዝቅ አድርጉ፤ ድምፅ በውኃ ላይ ሩቅ ይሄዳል፣ ጠባቂውም እንደዚሁ።

ቀን ለመምረጥ ለምትቸገሩ፦ የሐምሌ 4 በዓል ሰሞን ሦስቱም ጢም ይላሉ፣ ነሐሴ ላይ ፍልሰታ አለ፣ ጄሊፊሹም ያኔ ነው። እኔ ከሌበር ደይ (በሴፕቴምበር የመጀመሪያው ሰኞ ከሚውለው የሠራተኞች በዓል) በኋላ ያለውን ሳምንት ይዤዋለሁ፤ ውኃው ገና አልቀዘቀዘም፣ ቦታውም ይገኛል፣ እንቁጣጣሽ ቅዳሜ ወይም እሑድ ላይ ከዋለልኝ አበባ የምታዞር ልጅም አታጣም።