ቮልስና ሱዙኪ ስፖርት፦ ሁለቱንም በጅማ መንገድ ስነዳ

ከአንድ ክረምት በላይ ሁለቱን እያፈራረቅኩ ነድቻለሁ። አንዷ የ1962 ሞዴል ቮልስ ናት፤ ሌላዋ ሱዙኪ ስዊፍት ስፖርት። ብዙ ሰው «ስፖርቷ እያለችልህ ቮልሷ ምን ታደርግልሃለች?» ይለኛል።

በፍጥነት ክርክር የለም። ሱዙኪዋ 140 የፈረስ ጉልበት አላት፤ ክብደቷ ደግሞ ከ1 ቶን በታች ነው። የቮልሷ 1200 ሞተር 34 ብቻ ነው ያለው። ጅማ ከባሕር ወለል ከ1,700 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ሳሳ ይላል፤ እንደ ቮልሷ ካርቡራተር (ነዳጅና አየር መቀላቀያ) ያለው ሞተር አንድ አምስተኛ የሚጠጋ ጉልበቱን እዚህ ያጣል። የሱዙኪዋ ቱርቦ ግን አየሩን ጨምቆ ስለሚያስገባ እምብዛም አይሰማውም። ልዩነቱ ወደ አዲስ አበባ ስንሄድ፣ ጊቤን ተሻግረን ዳገቱን ስንያያዘው ፍጥጥ ብሎ ይታያል። ቮልሷ ከከባድ መኪና ኋላ በሁለተኛ ማርሽ ታቃስታለች። ሱዙኪዋ ነዳጅ ስሰጣት ተፈትልካ ታልፋለች። ፍሬኗም ያስተማምናል። የቮልሷ ፍሬን አራቱም ታምቡሮ (ሲግል የሚደክም የከበሮ ፍሬን) ስለሆነ ቁልቁለት ላይ በማርሽ መያዝ ግድ ነው።

ነገሩ የሚገለበጠው አስፋልት ሲያልቅ ነው። ቮልስ እ.ኤ.አ. በ1954፣ በ1957 እና በ1962 የምሥራቅ አፍሪካን ሳፋሪ ራሊ ያሸነፈችው በጉልበት አይደለም። ሞተሯ ከኋላ፣ የሚነዱት ጎማዎች ላይ ተቀምጧል። ራዲያተር የላትም፤ የሚፈላ ውኃ የለም። ሆዷም ጠፍጣፋ ነው። ያ ራሊ ይሮጥበት የነበረው ጭቃና ኮሮኮንች ደግሞ ዛሬም የእኔ መንገድ ነው።

ሐምሌ ላይ ማና ወዳለው የአጎቴ ቡና ማሳ ስወጣ ቀዩ ጭቃ ጎማ ላይ እንደ ሊጥ ይለጠፋል። አንደኛ አስገብቼ ፍሪሲዮኑን ቀስ አድርጌ እለቃለሁ። የኋላው ትንሽ ወዲህ ወዲያ ይልና መሬቱን ይነክሳል። ከዚያ ዝም ብላ ትወጣለች! ሱዙኪዋ የምትጎተተው በፊት ጎማ ነው፤ ዳገት ላይ ክብደቱ ወደ ኋላ ሲሄድ የፊቱ ይቀልና ባለበት ይሽከረከራል። ከመሬት ያላት ከፍታም 12 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ እዚያ መንገድ አላስገባትም።

ጥገናን በተመለከተ ሱዙኪዋ ዘይቷ በጊዜው ከተቀየረላት ብዙ አትጠይቅም። ቮልሷ ክትትል ትፈልጋለች። አንድ ቺንጋ ጀነሬተሩንም የማቀዝቀዣውን ፋንም ያዞራል። ከተበጠሰ ቀዩ መብራት ይበራል፤ ያኔ «እቤት ልድረስ» አይባልም፣ ሞተሩን ወዲያው ማጥፋት ነው። ትርፍ ቺንጋና መፍቻ ከፊት ኮፈን ሥር ሁሌም አለ። መቀየሩ የደቂቃዎች ሥራ ነው፤ የሰፈር መካኒክ ሁሉ ያውቀዋል።

አዲስ አበባ አዘውትሮ ለሚመላለስ ሰው ሱዙኪዋን እመክራለሁ። ሥራው ገጠር ገጠሩን ለሆነ ግን ያለማመንታት ቮልስ እላለሁ። እኔም ቮልሷን አልሸጥም። ልትገዙ ከሄዳችሁ ቀለሟን ከማየታችሁ በፊት የኋላ ወንበሯን አንሱ፤ ባትሪው እዚያ ስለሚቀመጥ ወለሉን ዝገት የሚበላው ከሥሩ ጀምሮ ነው።