ሲስተር፣ እጅሽ ይባረክ!

ስሟ እንዲጻፍ አልፈለገችም፤ ሲስተር ብቻ ልበላት። አንጀቱ በሆድ በኩል ወጥቶ ከረጢት የተደረገለት ሰው ቤታችሁ ካለ ይህችን ልጅ ፈልጓት፣ እባካችሁ።

እናታችን ኢሊዮስቶሚ (ቀጭን አንጀትን በሆድ በኩል የማውጣት ቀዶ ሕክምና) ከተሠራላት ሰባት ሳምንቷ ነው። ቀዶ ሕክምናው መልካም ነበር፤ ያሰቃያት የከረጢቱ ማፍሰስ ነው። ቀደም ብላ በታየችባቸው ሁለት ቦታዎች የተደረገላት በሚያፈሰው ላይ ፕላስተር መደረብ ብቻ ነበር። የቀጭን አንጀት ፈሳሽ ምግብ የሚፈጭ ኢንዛይም አለው፤ በፕላስተር ሲታፈን ከሥር ቆዳውን ይበላል። ቆዳዋ ተልጦ እያዠ «ይለመዳል» ተብላ ተመለሰች። ይለመዳል!

ሲስተር መጥታ የነቀለችውን የከረጢቱን ማጣበቂያ አልጣለችውም። ገልብጣ ወደ መስኮቱ ያዘችና ጀርባውን አየችው፤ ፈሳሹ ሙጫውን በልቶ በታች በኩል እስከ ጠርዙ መንገድ አውጥቷል። ከዚያ እናታችንን ቀና አድርጋ አስቀመጠቻት። ተኝታ የማይታይ የሆድ እጥፋት እዚያው ቦታ ላይ ብቅ አለ። እስከዚያ ቀን ያያት ሁሉ በጀርባዋ አስተኝቶ ነው ያያት።

ቀጥላ ስቶማውን፣ ማለትም በሆድ ላይ የወጣውን የአንጀት አፍ ለካች፤ 28 ሚሊ ሜትር። የማጣበቂያው ቀዳዳ ግን በመጀመሪያው ሳምንት ልኬት 40 ሆኖ ይቆረጥ ነበር። ስቶማ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ያበጠ ስለሆነ እስከ 6 ወይም 8 ሳምንት ድረስ ይቀንሳል፤ በየሳምንቱ መለካት አለበት። ቀዳዳው ከስቶማው 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ይስፋ። ከሰፋ ቆዳው ይጋለጣል፣ ከጠበበ ስቶማውን ይቆርጠዋል።

ያጠበችው በለብ ያለ ውኃ ብቻ ነው። ቅባት ያለው ሳሙናና የሕፃናት መጥረጊያ ሙጫው እንዳይዝ ያደርጋሉ። ያዠው ቦታ ላይ የስቶማ ዱቄት ነስንሳ የተረፈውን አራገፈችው። እጥፋቱን በፔስት ሞላችው፤ ፔስት ክፍተት መሙያ እንጂ ማጣበቂያ አይደለም፣ ብዙ ሲደረግ ይባስ ይለቃል። ማጣበቂያውን በብብቷ አሙቃ ለጠፈችና መዳፏን ጭና ሁለት ደቂቃ ያህል ያዘችው።

መዳፏን እንደጫነች ነው እናታችን ፊቷን ወደ ግድግዳ ያዞረችው። ሲስተር አፍንጫዋን ሳትሸፍን ጎንበስ ብላ፣ «እናቴ፣ ይዩት እንጂ፤ ቀይና እርጥብ የሆነው ጤነኛ ስለሆነ ነው» አለቻት። መስታወት አስመጥታ አሳየቻት። የሚቀጥለውን እናታችን በገዛ እጇ ቀየረችው። እግዜር ይስጣት እንጂ እኛስ ምን እንከፍላታለን!

ቅያሬው ጠዋት ቁርስ ሳይበላ ይሁን፣ ያኔ ፈሳሹ ይቀንሳል። ከረጢቱ ሲሶው ሲሞላ ይደፋ፤ ከከበደ ማጣበቂያውን ይጎትተዋል። ከሥሩ ካሳከከ ወይም ካቃጠለ እያፈሰሰ ነውና ቀኑን ሳትጠብቁ ቀይሩ። ስቶማው ሲጠረግ ትንሽ ደም ቢነካው አትደንግጡ። ከጠቆረ ግን፣ ወይም ለሰዓታት ምንም ሳይወጣ ቁርጠትና ትውከት ከመጣ፣ ሲስተርንም አትጠብቁ፤ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል።

ስልኳን የምትፈልጉ በውስጥ ጻፉልኝ። እስክትመጣ ድረስ የነቀላችሁትን ማጣበቂያ በላስቲክ ቋጥራችሁ አቆዩላት፤ መጀመሪያ የምትጠይቃችሁ እሱን ነው።