«ዕዳህን በኪሳራ አሰርዝልሃለሁ» የሚላችሁን ጉዳይ ገዳይ ተጠንቀቁ

ወገኖቼ፣ ይቺን ጽሁፍ ዕዳ ለጠናበት ዘመዳችሁ አሳዩልኝ።

እዚህ ፍኖተ ሰላም አካባቢ አንድ ጉዳይ ገዳይ ነኝ ባይ ዕዳ ያለበትን ሰው እያፈላለገ «ኪሳራ አሳውጅልሃለሁ፤ ዕዳህ ይሰረዛል፤ ቤትህም በሬህም አይነካም» ይላል። ክፍያውን የሚቀበለው በቅድሚያ ነው። ከከሰረ ሰው ላይ! ግን ብሩ ከሚያስፈርመው ወረቀት አይብስም።

አንድ የሰፈራችን ገበሬ የፈረመውን አይቼዋለሁ። አንድ ገጽ ነው። ከላይ «የከብት ሽያጭ ውል» ይላል። ሁለት የእርሻ በሬዎች፣ አንዱ ቦራ አንዱ ዳልቻ፣ «ሸጫለሁ፣ ዋጋውንም ቆጥሬ ተቀብያለሁ» ይላል። ከሥር ምስክሮች ፈርመዋል። ሰውዬው ግን ሰባራ ሳንቲም አልተቀበለም። «በሬዎቹ በሌላ ሰው ስም ከሆኑ አበዳሪህ አያገኛቸውም» ተብሎ ነው የፈረመው። ገዢ የተባለውን ሰው ያመጣው ደግሞ ያው ጉዳይ ገዳይ ነው። ነገ ገዢው «በሬዎቼን» ብሎ ቢመጣ ምን ይባላል? አበዳሪውስ ቢሆን ውሉ እኔን ለመጉዳት የተደረገ ነው ብሎ ፍርድ ቤት ቢሄድ?

የሚያናድደው፣ በሬዎቹን መጀመሪያውኑም ሕግ ይጠብቃቸው ነበር። የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 404ን አንብቡት። የባለዕዳውና የቤተሰቡ ልብስ፣ የማብሰያ ዕቃ፣ አልጋና መኝታ ለፍርድ ማስፈጸሚያ አይያዝም። የሙያ መሣሪያም እንዲሁ። የልብስ ሰፊ መኪና፣ የአናጢ መጋዝና መዶሻ ማለት ነው። ገበሬ ከሆነ ፍርድ ቤቱ ለኑሮው ያስፈልጋሉ የሚላቸው ከብቶችና ዘር ይቀሩለታል። ደመወዝተኛ ከሆነ ከደመወዙ ሦስት እጅ ሁለቱ አይነካም። ጡረታም አይነካም። ይህን ለማግኘት ለማንም ኮሚሽን አይከፈልም። አፈጻጸሙን ለያዘው ችሎት በማመልከቻ መናገር ነው።

ቤት ግን እዚያ ዝርዝር ውስጥ የለም። ስለዚህ «ቤትህ አይነካም» ያለው ውሸቱን ነው። በተለይ ቤቱ በባንክ መያዣ የተያዘ ከሆነ፣ በ1990 በወጣው አዋጅ ቁጥር 97 መሠረት ባንኩ ውሉ ከፈቀደለት ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ራሱ በሐራጅ ይሸጠዋል።

ኪሳራ የሚባለው ነገርስ? አለ፣ ግን ለነጋዴና ለንግድ ድርጅት ነው። በአዋጅ ቁጥር 1243/2013 የወጣው የንግድ ሕግ የሚመለከተው እነሱን ነው። እዚያ ውስጥ ንግዱ ሳይዘጋ ዕዳን ከአበዳሪዎች ጋር ተስማምቶ የማሸጋሸጊያ መንገድም አለ። የቡሬ የበርበሬ ነጋዴ ሊጠቀምበት ይችላል፤ ጠበቃ ይዞ፣ የሒሳብ መዝገቡን ይዞ። የማዳበሪያ ዕዳ ያለበት ገበሬ ወይም መምህር ግን «ኪሳራ አሳውጄ ዕዳዬን ላሰርዝ» የሚልበት ሕግ የለንም። ያለው ምርጫ ከአበዳሪ ጋር መደራደር፣ ካልሆነም ፍርድ ቤት ቀርቦ አቅምን ማሳየት ነው።

ነጋዴዎች፣ አንድ ነገር ልጨምር። በባዶ ቼክ ላይ ፈርማችሁ ለአራጣ አበዳሪ አትስጡ። ስንቅ የሌለው ቼክ፣ ማለትም ባንክ ውስጥ በቂ ብር የሌለው ቼክ፣ በወንጀል ያስጠይቃል፤ ኪሳራ ማሳወጅ ከዚያ አያድንም። አራጣውም ራሱ ወንጀል ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2479 ሰው ለሰው የሚያበድረው ብድር ወለድ በዓመት ከ12 በመቶ መብለጥ አይችልም። ለዚህ ነው አራጣ አበዳሪዎች ወለዱን ዋናው ብድር ላይ ደምረው የሚያስፈርሙት። 60 ሺህ ወስዳችሁ ወረቀቱ 90 ሺህ ካለ አትፈርሙ።

መሬታችሁን በወለድ አገድ ስትሰጡም አስቡበት። አበዳሪው እያረሰ ምርቱን ይበላል፤ ዋናው ዕዳ ግን ባለበት ቆሞ ይጠብቃችኋል። በሬ አስይዞ መበደር ከዚህ ሳይሻል አይቀርም፤ እሱም ቢሆን ውሉ «ሽያጭ» ሳይሆን «መያዣ» የሚል ከሆነ ነው።

«ጉዳይህን እጨርሳለሁ» የሚል ሰው ሲመጣ የጥብቅና ፈቃዱን ጠይቁት። ዙሪያ ጥምጥም ካወራ ተዉት። የፈረማችሁት ወረቀት ካለ ኮፒውን ዛሬውኑ ተቀበሉና ለጠበቃ አሳዩ። ለአበዳሪም ስትከፍሉ ደረሰኝ ያዙ፤ ከ500 ብር በላይ መክፈላችሁን አበዳሪው ከካደ በሰው ምስክር ብቻ ማስረዳት አይቻልም።