ባለ አራት ጆሮው ሳጥን፦ ለትንንሽ እንቁራሪቶች የሦስት ሳምንት ቤት

ደብረ ማርቆስ ገበያ ውስጥ በ350 ብር የገዛሁትን የፕላስቲክ ሳጥን ነው ዛሬ የምመሰክርለት። 12 ሊትር ይይዛል፣ ጎኑ ብርሃን ያሳልፋል፣ ክዳኑ በአራት ጆሮ ይቆለፋል። ሻጩ «ለበርበሬ፣ ለሽሮ ነው፤ ነቀዝ አያስገባም» አለኝ። እኔ የሳይንስ መምህርት ነኝ፤ ለእንቁራሪት ነበር የፈለግሁት።

መስከረም ላይ ትምህርት እንደተከፈተ፣ ከከተማው ዳር ካለ ሊደርቅ ከተቃረበ ኩሬ 19 የእንቁራሪት እጮች ከተማሪዎቼ ጋር አመጣን። የኋላ እግር አብቅለዋል፣ ጭራቸው ገና አለ። መጀመሪያ ያስገባኋቸው በኬክ መሸጫ ስስ ዕቃ ውስጥ ነበር። ክዳኑን ልበሳ ስል ተሰነጠቀ፤ ውሃውም ዙሪያውን እኩል ጥልቅ ስለነበር መውጫ አልነበራቸውም። በማግስቱ ጠዋት ሁለቱ ሞተው አገኘኋቸው። ጥፋቱ የእኔ ነው። የፊት እግር ሲወጣ በስንጥብ መተንፈስ እያበቃ ሳንባቸው ሥራ ይጀምራል፤ ያኔ የሚቆሙበት ደረቅ ቦታ ካጡ ውሃ ውስጥ የተወለዱትን ውሃ ይገድላቸዋል። ይህን ለልጆች ስንት ዓመት አስተምሬዋለሁ።

አዲሱን ሳጥን ስገዛ ገልብጬ ሥሩን አየሁ። ሦስት ማዕዘን ውስጥ 5 ቁጥር ካለ ፖሊፕሮፒሊን የሚባለው ፕላስቲክ ነው፤ ይታጠፋል እንጂ ቶሎ አይሰነጠቅም። 6 ካለ እንደ ኬኩ ዕቃ ተሰባሪ ነው። ቢላ ከሰል ላይ አግዬ ክዳኑ መሀል ላይ ከመዳፍ ሰፋ ያለ መስኮት ከፈትኩ፤ አንድም ቦታ አልተሰነጠቀም። ከዚያ አሮጌ ነጠላ በሳጥኑ አፍ ላይ ወጥሬ ክዳኑን ከላይ ቆለፍኩት። ሙጫ አላስፈለገኝም፤ አራቱ ጆሮዎች ጨርቁን አጥብቀው ይይዙታል። አየር ይገባል፣ ለምግባቸው የማስገባው ትንኝ አይወጣም፣ የሚዘል እንቁራሪትም አፍንጫውን በፕላስቲክ አይመታም። ለዚህ ብቻ ብዬ ብገዛው እንኳ አይቆጨኝም ነበር።

ከታች ሽታ የሌለው ነጭ ሶፍት አርጥቤ አነጠፍኩ፣ የደረቀ የዋንዛ ቅጠል ለመደበቂያ ጣልኩበት። ከአንድ ጎን ሥር እንጨት ሸጉጬ ሳጥኑን አዘነበልኩት፤ ውሃው በአንድ ጥግ ብቻ ተጠራቀመ፣ ጥልቀቱም 2 ሳንቲ ሜትር አይሞላም። ውሃው ግቢ ውስጥ በሳፋ የያዝኩት ዝናብ ነው። ከጣሪያ የወረደውን አልተጠቀምኩም፤ ቆርቆሮ በዚንክ የተለበጠ ስለሆነ እንቁራሪትን ይጎዳል። ዝናብ ሲጠፋ የቧንቧ ውሃ ክሎሪኑ እንዲወጣ 24 ሰዓት ክፍት አሳድራለሁ። ሶፍቱን በየሁለት ቀኑ እቀይራለሁ፣ ሳጥኑን በሙቅ ውሃ ብቻ አጥባለሁ። በረኪናም ሳሙናም የለም፤ በቆዳቸው ጭምር ነው የሚተነፍሱት።

እናቴ «ልጄ፣ መርዝ ቢኖረውስ? ሕፃን አለ ቤት ውስጥ» አለችኝ። ስጋቷ ከሜዳ አልመጣም፤ በቴሌቪዥን ባለ ደማቅ ቀለሞቹን መርዘኛ እንቁራሪቶች አይታለች። «እማዬ፣ እነዚያ በመካከለኛውና በደቡብ አሜሪካ ያሉት ናቸው» አልኳት። ከሁሉም የከፋው ወርቃማው የኮሎምቢያ እንቁራሪት ነው። መርዛቸውንም የሚያገኙት ጫካ ውስጥ ከሚበሏቸው ነፍሳት ነው፤ ቤት ውስጥ በፍራፍሬ ትንኝ ያደጉት መርዝ አያበጁም። የእኔን ሳጥን ያዘጋጀሁትም የእነሱን ትንንሾች የሚያሳድጉ ሰዎች እንደሚያደርጉት ነው፦ ጠባብ ውሃ፣ ርጥብ ሶፍት፣ ቅጠል፣ ደቃቅ ትንኝ። የእኛ የሣር እንቁራሪቶች ግን እግራቸው ረጅም፣ ዝላያቸው ኃይለኛ ነው፤ ነጠላው የግድ የሆነው ለዚህ ነው። እናቴ ከዚያ በኋላ ማታ ማታ ብርዱ ሲጠና ጋቢ ታለብሳቸው ጀመር፤ መስኮቱን ሳትሸፍን፣ ጎን ጎኑን ብቻ።

ምግባቸው አላስቸገረኝም። ጭራው እስኪመጠጥ ድረስ አይበሉም፤ ጭራው ራሱ ስንቃቸው ነው። ከዚያ የበሰለ ሙዝ በብልቃጥ አድርጌ ጎረቤታችን የጠላ ጋን አጠገብ አስቀመጥኩ፤ በሁለት ቀን ውስጥ ትንኙ ሞላው።

ሳጥኑ እንከን የለውም አልልም። የክዳኑ ጠርዝ ቦይ አለው፣ ቆሻሻ ይይዛል፣ በጥርስ ብሩሽ ካልሆነ አይጸዳም። በቀን ሦስት ጊዜ ስከፍተው አንዱ ጆሮ በሁለተኛው ሳምንት ተሰበረ፤ በጎማ አሰርኩት። ቋሚ ቤትም አይሆንም። ከሦስት ሳምንት በኋላ ዝላያቸው ሳጥኑን ያስጨንቀው ጀመር።

17ቱንም ካመጣንበት ሜዳ፣ ውሃ ካለበት በኩል፣ ልጆቹ ራሳቸው ለቀቋቸው። ልትገዙ ካሰባችሁ ባለ 20 ሊትሩም እዚያው አለ፤ ቁመት እንጂ ስፋት ስላልጨመረ አትውሰዱት።